ሎሚ የሚሸት አግዳሚ

ይህ ታሪክ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ምላሴ እንደ በርበሬ ዛላ ይድረቅ፤ ፀጉሬንም ዕድሜ ልኬን በመጋዝ ይከርክሙኝ። ድሮ "አዞ ብስክሌት ሲነዳ አየሁ" ያልኳችሁን እርሱት፤ እሱ ሌላ ነው፣ ያን ቀን ጭጋግ ነበር። ይሄኛው ግን ፖሊስ ያለበት፣ ሐኪም ያለበት፣ ሬሳ ያለበት ጉዳይ ነው። በሬሳ ደግሞ አይቀለድም። ቢቀለድም ትንሽ ነው።

አንድ ፀጉር ቤት በር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። አራት ጡረተኞች እዚያ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ዳማ ይጫወታሉ። አንዱ ሲጋራውን ሲያጠፋ ሌላው ይለኩሳል፤ ክብሪት የሚገዛ ግን አንድም የለም። "አስተማሪው" የሚባለው ዕድሜውን ሙሉ ጠመኔ ሲበላ የኖረ ነው። "ኮሎኔሉ" በወታደር ቤት ደጅ እንኳ አልፎ አያውቅም፤ ሲቀመጥ ደረቱን ስለሚነፋ ብቻ ነው ማዕረጉን ያገኘው። "ዳኛው" ማን እንዳጭበረበረ የሚፈርደው ነው፤ ዋናው አጭበርባሪም እሱ ነው። አራተኛው "ኩርፌ" ነው። የእሱስ ስሙ ይበቃል፤ ከጓደኞቹ ተጣልቶ መምጣት ከተወ ሰነባብቷል።

አስተማሪው ሲያስል ሲያስል ሆስፒታል ገባና ሞተ። ሰው "ዕድሜ ነው" ብሎ ቀበረው። ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ ኮሎኔሉ ትኩሳቱን እንደ ካፖርት ተከናንቦ፣ "አልጋ የሰነፍ ነው" እያለ አግዳሚው ላይ ተሰየመ። ተራው ሲደርስ የነገሠች ጠጠሩን አነሳና ወደ ግድግዳው ደገፍ አለ። ዳኛው ጠበቀው። ኮሎኔሉ ድሮም ለማሰብ ብዙ ጊዜ ይፈጅ ስለነበር፣ ዳኛው ራሱም እያሳለ፣ እያንቀላፋ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቀው።

"በል ተጫወት እንጂ! ጦር ሜዳ አደረግከው!"

ጠጠሯን ከመዳፉ ሊያስለቅቅ ሲሞክር ጣቶቹ እንጨት ሆነዋል። ዳኛው ጮኸ፣ ጩኸቱ ወደ ሳል ተለወጠ፣ እሱንም ከሬሳው ጋር በአንድ መኪና ወሰዱት።

ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ተደወለ። ለስለስ ያለ የወንድ ድምፅ ነው። "ሰዎቹን የገደላቸው ፀጉር ቆራጩ ነው። 'እናንተን ከደጄ የሚነቅል ሞት ይምጣ' ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አለና ዘጋው።

የጣቢያው አለቃ መርማሪውን አስጠራ። ይህን መርማሪ ጓደኞቹ "ድፍኑ" ይሉታል። ወጣት ሳለ ሌባ ሊይዝ በር ገፍቶ ሲገባ፣ ሌባው በሩን መልሶ አፍንጫው ላይ ደረገመበት። ከዚያ ወዲህ የተቃጠለ ጎማና የተቀቀለ ድንች ለሱ አንድ ናቸው፤ ምንም አይሸተውም።

"ጉዳዩ ያንተ ነው" አለ አለቃው።

"ጌታዬ፣ ፀጉር ቆራጩ የእህቴ ባል ነው።"

"አውቃለሁ። ሌላ ሰው ብልክ፣ አንተ ከኋላ ሆነህ ሸፋፈንክለት ይባላል። አንተው እሰረው። ንጹሕ ከሆነም የምታወጣው አንተው ነህ። ግን ፍጠን፤ ሰፈሩ ድንጋይ እያነሳ ነው። ሌላ ሰው ካላመጣህልኝ በሁለት ነፍስ ይከሰሳል።"

ድፍኑ ሄዶ የእህቱን ባል አሰረ። ሰውዬው ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ፣ ማበጠሪያው በደረት ኪሱ እንዳለ ነው የተወሰደው። የሰፈሩ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ አየ። ትናንት "ጋሼ፣ ዛሬ አሳምርልኝ" ሲሉት የነበሩ ሰዎች ምራቃቸውን ተፉ።

ጣቢያ ሲደርሱ ድፍኑ በሩን ዘጋና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ብለሃል ወይስ አላልክም?"

"ምኑን?"

"ሞት ይምጣ ያልከውን።"

"ብያለሁ! አንተስ ብትሆን አትልም? አራት ሰው በሬን ዘግቶ ሲውል፣ አንድም ቀን አንዲት ፀጉር ሳይቆረጥ! ኮሎኔሉማ ራሰ በራ ነው፤ ምኑን ልቁረጥለት? ብያለሁ። ግን ስንት ዓመት 'ሎተሪ ይውጣልኝ' ስል ያልሰማኝ፣ ይሄን አንዱን እንዴት ሰማኝ?"

"ስትል ማን ነበረ?"

"እነሱ አግዳሚው ላይ። ኩርፌ ያን ቀን አልነበረም። ውስጥ ደግሞ አንድ ደንበኛ ወንበሬ ላይ ነበር።"

"ማን ነው እሱ?"

"እንጃ። አዲስ ሰው ነው፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ። ውጪ ሲያስሉ ሰምቶ 'ምን ሆነው ነው? ከጀመራቸው ቆየ?' ብሎ ጠይቆኛል።"

"መልኩስ?"

"ልጄ፣ እኔ ሰው የማውቀው ከኋላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ማጅራት ሳይ ነው የኖርኩት፤ ፊትማ ለሚስት ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እውነቱን ልንገርህና ለማንም አትንገር። እርግማኑን ስል በንዴት ወደ በሩ ዞርኩ፤ ማሽኑ አዳለጠኝና ማጅራቱ ላይ እርከን ሠራሁበት። ድመት የምትወጣበት እርከን! ደንግጬ ዝም አልኩ። እሱም ሳያውቅ ከፍሎ ወጣ። በሥራዬ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም።"

በሁለት ነፍስ የተጠረጠረ ሰው ስለ አንድ ማጅራት ሲያፍር ድፍኑ ሊስቅ ምንም አልቀረው።

"አንተስ ለምን አልታመምክም? ከነሱ ጋር ነው የምትውለው።"

"እኔ በሬን ዘግቼ ነው የምሠራው። ነፋሱ ፀጉር ይበትንብኛል።"

ድፍኑ ይሄን መልስ አልወደደውም። በሩን ዘግቶ የሚሠራ ነፍሰ ገዳይም አለ።

ፀጉር ቤቱን ሊፈትሽ ሲሄድ እህቱ ደፉ ላይ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችው።

"ና፣ ግባ፣ አሳሪዬ።"

"እትዬ፣ ሥራዬ ነው።"

"ሥራህ! እናታችን 'እህትህን አደራ' ብላ የሞተችው ለዚህ ነው? አደራዋን በካቴና ጠፍረህ መለስክልኝ።"

"ሰዎቹ እዚህ ምን በሉ? ምን ጠጡ?"

"የገዛ ሲጋራቸውን። ባሌ ለነሱ ውሃ ሊሰጥ? ጥላውን ስለወሰዱበት እንኳ ኪራይ ሊያስከፍላቸው ያምረው ነበር።"

"በሰፈሩ የተለወጠ ነገርስ የለም?"

"ምን ይለወጣል? እንዲያውም ሰፈሩ ሰፈር የሆነው አሁን ነው። አየሩ ሎሚ ሎሚ ይላል። ግን ላንተ ምን ይነገራል፤ ሽንት ቤትና ሽቶ ቤት አንድ ለሆነብህ።"

ድፍኑ ከመደርደሪያው ላይ ባሏ ለደንበኞቹ አንገት የሚቀባውን ሽቶ፣ አልኮሉን፣ የሚላጭበትን ሳሙና ሁሉ ለቃቅሞ ወደ ላቦራቶሪ ላከ። እህቱ ባዶውን መደርደሪያ አየችና "ምላጩንስ አትወስድም? ይኸው፣ እዚህ አንገቴ ላይ ሞክረው" አለችው።

ሆስፒታል ሄደ። ዳኛው በአፍንጫው ቱቦ ገብቶለት ተኝቷል።

"አባባ፣ እንደምን ነዎት?"

"ኮሎኔሉ... ጠጠሩን ሳይጫወት ነው የሞተው" አለ ዳኛው እያለከለከ። "ጨዋታው... የኔ ነው። መዝግብልኝ።"

"እመዘግባለሁ። አግዳሚው ላይ የተለየ ነገር አይተዋል? ቀምሰዋል? ሸትቶዎታል?"

"ሎሚ። በተለይ ረፋድ ላይ። የአማችህ ሽቶ መስሎኝ... 'ለሴት ነው ወይ የምትቀባው' ብዬ ሰድቤዋለሁ።"

ሐኪሟ ወደ ኮሪደር አወጣችው። ዓይኗ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል።

"መርዝ ነው?" አላት።

"መርዝ ቢሆን ሆዳቸው ይናገር ነበር። የታመመው ሳንባቸው ነው። የዘወትሩን የሳንባ ምች መድኃኒት ሰጥቼዋለሁ፣ ንክችም አላደረገው። አንድ የተነፈሱት ነገር አለ። ምን እንደሆነ ካወቅኩ የሚያድነው ሊኖር ይችላል። በግምት ከሄድኩ ግን ይህም ሰው ይሞትብኛል።"

በማግሥቱ ላቦራቶሪው መልስ ሰጠ። ሽቶው ሽቶ ነው፣ አልኮሉ አልኮል ነው። መዓዛውም የጽጌረዳ ነው።

"የሎሚ አይደለም?" አለ ድፍኑ በስልክ።

"ወንድሜ፣ አፍንጫ የለህም እንዴ?" አለው የላቦራቶሪው ሰው።

"የለኝም" አለና ዘጋው።

ሎሚ! ድፍኑ ሎሚ ያለው ሰው ፍለጋ ሰፈሩን ሲያካልል የማን ጓሮ ደረሰ? የኩርፌ ጓሮ። አንድ ትልቅ የሎሚ ዛፍ፣ ከሥሩም የፀረ ተባይ መርጫ ታንክ። ከጓደኞቹ የተጣላ፣ ያልታመመ፣ መርዝና ሎሚ ያለው ሰው! ድፍኑ ካቴናውን በኪሱ ውስጥ ጨበጠ።

"አባባ፣ ከኮሎኔሉ ጋር በምን ተጣሉ?"

ኩርፌ መልስ ከመስጠቱ በፊት አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ንፍጥ ያለበት እንባ አይዋሽም።

"ዳማው ላይ ይተፋብኝ ነበር።"

"ምን?"

"ይተፋብኝ ነበር ያልኩህ! እኔ ተራዬን ሳስብ ሰሌዳው ይረጥባል፤ ጠጠሬ ያዳልጣል። ዝናብ የለ፣ ጤዛ የለ። 'አንተ ነህ የምትተፋው' አልኩት። 'አንተው ነህ ለሀጭህ የሚዝረከረከው' አለኝ። ይሄን ከተባባልን በኋላ ምን ቀረን? ቀብሩ ላይ እንኳ ከኋላ ነው የቆምኩት።"

"ይሄ ፀረ ተባይስ?"

"ለሎሚው ነው። ፍሬ ከሰጠ ስንት ዘመኑ! እስቲ ላስሸትትህ" ብሎ ቅጠል ቆርጦ አፍንጫው ሥር ያዘለት። ድፍኑም ለክብሩ ሲል አሸተተ።

ነፍሰ ገዳይ ሊይዝ የሄደው ሰው፣ ያለ ዝናብ የሚረጥብ ዳማ ይዞ ተመለሰ። ፀጉር ቤቱ ታሽጓል፣ አግዳሚው ባዶ ነው። ከኪሱ ጋዜጣ አወጣ፣ አግዳሚው ላይ ዘረጋ፣ ዳር ላይ ተቀመጠና ጠበቀ። የሚያልፉት ሰዎች "አማቹን አስሮ ወንበሩን ወረሰው" እያሉ አሙት። ረፋድ ላይ ነፋሱ ዞረ። የጋዜጣው ቀለም መፍሰስ ጀመረ። ጠብታዎቹ ከመርፌ ጫፍ ያንሳሉ፤ ፊቱ ላይ ሲያርፉ እንኳ አይሰሙም። ድፍኑ መሐረቡን አፉ ላይ ጫነና ቀና ብሎ አየ።

ከፀጉር ቤቱ ኋላ የፕላስቲክ ባልዲ ፋብሪካ አለ። ጣሪያው ላይ የቆርቆሮ ማማ ቆሟል፤ ከአናቱ ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎልና ነፋሱ ጎንበስ አድርጎ መንገዱ ላይ ያራግፈዋል። ሰፈሩ ሁሉ በየቀኑ ያየዋል። በየቀኑ የሚታይ ነገርን ደግሞ ማን ያየዋል?

ማማውን የሚጠብቀውን ሠራተኛ "ጣሪያው" ይሉታል፤ ምሳውንም እንቅልፉንም እዚያው ጣሪያ ላይ ስለሚጨርስ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለው ድፍኑ።

"የማሽኖቹ መታጠቢያ በለው። ማሽኑ ፕላስቲክ ሲያቀልጥ ይግላል፣ ውሃ ያበርደዋል። ውሃው ራሱ ሲግል ወደዚህ ይመጣል፣ ከላይ ይዘንባል፣ ማራገቢያው ያበርደዋል፣ ተመልሶ ይሄዳል።"

"ክፈተው።"

ጣሪያው የጎኑን ክዳን ከፈተ። ድፍኑ ብዙ ሬሳ ያየ ሰው ነው፤ ግን ወደ ኋላ ተንፏቀቀ። የገንዳው ግድግዳ አረንጓዴ ልፋጭ ለብሷል፤ ቢቆርጡት ብርድ ልብስ ይወጣዋል። ውሃው ለብ ያለ ነው። ጠብታ እንዳይወጣ የሚይዙት ዝርዝር ላሜራዎች ተሰባብረው ግማሾቹ የሉም።

"ሎሚውስ?"

ጣሪያው አንድ ጀሪካን በእግሩ ወደ ጥግ ሊገፋ ሞከረ። "የሳሙና ሽቶ ነው። ለ... ለውሃው ክብር።"

"ይሄ ውሃ መድኃኒት የለውም?"

"ክሎሪን ነበረው። እኔ ነኝ የተውኩት። እኔ ራሴ። ሥራ አስኪያጁ አያውቁም፣ አገር ውስጥም አልነበሩም" አለ ጣሪያው፤ ልክ የቃል ጥናት እንደሚያነበንብ ተማሪ።

ድፍኑ እዚያው ቆሞ ለሐኪሟ ደወለ። "ለብ ያለ ውሃ፣ ልፋጭ የሞላበት፣ በነፋስ የሚበተን..."

"ይበቃል" አለች። "ባክቴሪያ ነው። እንዲህ ያለውን ውሃ ይወዳል፣ ልፋጩ ውስጥ ይራባል፣ በጠብታው ተሳፍሮ ሳንባ ይገባል። ሽማግሌና አጫሽ ሲያገኝ አይምርም። ለሱ የሚሆን መድኃኒት አለኝ፣ አሁኑኑ እጀምራለሁ። ደግሞ ከዚያ ራቅ በል!"

ስልኩን ሲዘጋ ሥራ አስኪያጁ መሰላሉን ወጥቶ ደረሰ። ሽክ ያለ፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው።

"ምን ጉድ ነው የምሰማው? አንድ ወር ሙሉ ለስብሰባ ሌላ ከተማ ነበርኩ፤ ትናንት ነው የገባሁት። ይሄ ሰነፍ ክሎሪኑን ተወው?"

ወደ ገንዳው ጎንበስ ሲል መነጽሩ ከግንባሩ ሾልኮ ወደቀ። ሊያነሳው ይበልጥ ጎነበሰ። ድፍኑ ማጅራቱን አየ።

እርከን። ድመት የምትወጣበት እርከን።

ሰው ማጅራቱን በምን ያያል? ሌላ ሰው ካልነገረው አያይም። ፋብሪካው ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ሁሉ አይተውታል፤ ለአለቃ "ማጅራትዎ ተበላሽቷል" የሚል ግን አንድም አልተገኘም።

"ፀጉርዎን የት ተቆረጡት?"

"በሄድኩበት ከተማ። ለምን?"

"ቆንጆ ተቆርጠዋል። እስቲ ለአንድ ሰው ላሳይልዎት።"

በዚያ ጣቢያ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተደረገም። አለቃው ፖሊሶቹን ኮፍያቸውን አስወልቆ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሮ አሰለፋቸው፤ መሐላቸው ሥራ አስኪያጁን አቆሙት። ሁሉም አንድ ዓይነት ካፖርት ለብሰዋል። ፀጉር ቆራጩን አመጡና "የምታውቀው ማጅራት አለ?" አሉት።

ፀጉር ቆራጩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሰልፉን ገመገመ።

"ይሄኛው በመቀስ የተቆረጠ ነው፣ ሚስቱ ናት የቆረጠችው። ይሄኛው ድሃ ነው፣ ራሱ ነው የሞከረው። ይሄ..." ብሎ ሊቀጥል ሲል አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ፤ የአለቃው ወንድም ልጅ ነበርና። ወደ ሥራ አስኪያጁ ሲደርስ ግን ፀጉር ቆራጩ ፊቱ ተለወጠ። ጣቱን በእርከኑ ላይ አሳለፈ።

"ይሄ የኔ ነው" አለ። "ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፤ ያን ቀን ተናድጄ ነው።"

ድፍኑ ሥራ አስኪያጁንና ጣሪያውን አንድ ክፍል አስገብቶ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ።

"እርግማኑን የሰሙት ወንበሩ ላይ የነበረው ሰውና የአግዳሚው ሰዎች ብቻ ናቸው። ከአግዳሚው ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ በቱቦ ነው የሚተነፍሰው። ስልክ የደወልከው አንተ ነህ።" 'እርስዎ' የሚባለው ነገር እርከኑ ላይ ቀርቷል።

"ፀጉር መቆረጥ ወንጀል ነው? መደወልስ? የሰማሁትን ተናገርኩ። ክሎሪኑን ግን እኔ አላስቆምኩም። እኔን ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ያስቆመው እሱ ነው፤ ራሱ ነግሮሃል።"

ይሄን ሲሰማ ጣሪያው ጥናቱን ረሳው።

"እኔ?! ሴቶቹ በር ላይ ሲንጫጩ ወርዶ 'ከነገ ጀምሮ በረኪና አይሸታችሁም፣ ሎሚ ነው የሚሸታችሁ' ያላቸው ማን ነው? እርግጥ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ያን ክሎሪን በመሰላል ከመሸከም ማን ይጠላል! ግን ክሎሪን የሚያመጣልን ሰውዬ በኔ ፊት 'ጌታው፣ ሽታ አስጠላኝ ተብሎ መድኃኒት አይቆምም፤ መጠኑ ይስተካከላል፣ ገንዳው ይታጠባል፣ ላሜራው ይጠገናል። እንዲህ ከተውከው ይሄ ማማ የሳንባ ምች ያመርታል' ብሎታል። ያንን ፈርቶ ነው ወርዶ ሳላቸውን ሲያዳምጥ የነበረው!"

"ሴቶቹ እነማን ናቸው?"

"ሰፈሩ ሁሉ ነዋ።"

ድፍኑ ቤት ለቤት ዞረ። የመጀመሪያዋ "እኔ ያን ቀን ልብስ ሳጥብ ነበር" አለች። ሁለተኛዋ "እኔ ጥርሴን አሞኝ" አለች። ሦስተኛዋ "የምን ፋብሪካ?" አለች፣ በመስኮቷ ማማው እየታየ። ሁለት ሰው መሞቱን ሰምተዋል፤ ሽታ ጠልቼ ሰው ገደልኩ የሚል ማን አለ? ድፍኑ ተስፋ ቆርጦ ወደ ጣሪያው ተመለሰ።

"ከፊት ሆና የተናገረችው ማን ናት? አንዷን ብቻ ንገረኝ።"

ጣሪያው መሬት መሬት አየ።

"እንዳታስረኝ እንጂ... እህትህ ናት።"

እህቱ የባሏን ጋውን እያጠበች አገኛት። ድፍኑ ሳይቀመጥ ሁሉንም ነገራት፤ ማማውን፣ ልፋጩን፣ ባክቴሪያውን። እጇ ሳሙናው ውስጥ ቆመ።

"እኔ እንዳይሸት አልኩ እንጂ እንዳይታጠብ አልኩ?"

"አላልሽም፣ እትዬ።"

"በረኪናው ደንበኛ አባረረብን። ባሌ አንድ ራስ ሳይቆርጥ የሚውልበት ቀን ነበር። ሴቶቹን ሰበሰብኳቸው፤ ሄድን። 'ሽታ ካልጠፋ ሎሚ አድርጉበት' ብዬ ቀለድኩ። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ።" ፊቷን በክንዷ ጠረገች። "'ጉዳት የለውም ወይ?' ብዬ ጠይቄዋለሁ። ይሄን ጠይቄዋለሁ! 'ክሎሪኑ ለማሳመሪያ ነው፣ ቢቀርም ምንም አይደል' ነው ያለኝ።"

"ይሄን ቃል ትሰጪያለሽ?"

"ሌሎቹስ?"

"ሌሎቹ አልነበሩም።"

ሳቀች፤ ሳቋ ደስ አይልም። "አልነበሩም። እኔ ብቻዬን ነዋ አርባ ሴት የሆንኩት።"

"ዝም ካልሽ ሰውዬው ሁሉንም በጣሪያው ላይ ይለጥፋል፤ በባልሽ ላይ የተከፈተውም ፋይል አይዘጋም። ከተናገርሽ ባልሽ ይወጣል። ግን ሰፈሩ..."

"ሰፈሩን እኔ ነኝ የማውቀው፣ አንተ አይደለህም።" ጋውኑን ጨመቀች፣ አራገፈች፣ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። "ተነስ፣ እንሂድ። አደራህን ግን አልተወጣህም፤ ይሄንንም ለእናታችን እነግርብሃለሁ።"

ቃሏን ሰጠች። አንዲት ቃል አላስቀረችም፤ የቀለደችውን ቀልድ ጭምር። ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊቷ ሲያደርጉት መካዱን ተወ።

"ማማውን ለምን አላቆምከውም?" አለው ድፍኑ። "ሲያስሉ ሰምተሃል።"

"ማማው ሲቆም ማሽኖቹ ይቆማሉ።"

"ክሎሪኑን ብቻ መመለስስ?"

"መንገድ ላይ ይመርቁኝ ነበር" አለ ሰውዬው። "በሕይወቴ ሰፈር መርቆኝ አያውቅም። በረኪናው ሲመለስ እንደገና ሊሰድቡኝ ነው። አንድ ቀን ልቆይ፣ አንድ ቀን ልቆይ ስል..."

እህቱ ይሄን ስትሰማ ተነስታ ወጣች። ከመራቂዎቹ መሐል የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች።

ፍርድ ቤቱን አልተርክላችሁም፤ እዚያ ያለው ማዛጋት ብቻ ነው። ማማው ቆመ፣ ተፋቀ፣ ታጠበ፣ ላሜራው ተቀየረ፣ ክሎሪኑ በልኩ ተመለሰ፣ ውሃውንም በየጊዜው የሚመረምር ሰው መጣ። ዳኛው ዳነ፤ የኮሎኔሉን ጨዋታ እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ ይምላል። ኩርፌ የሎሚውን ዛፍ ከሥሩ ቆረጠው።

ፀጉር ቆራጩ የተፈታ ዕለት ድፍኑ ራሱ በሩ ላይ የለጠፈውን ማሸጊያ ቀደደለት። ወዲያውም ሰፈሩ ከየቤቱ ወጣ። ምራቃቸውን የተፉት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ከፀጉር ቤቱ በር እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተሰለፉ። "ጋሼ፣ ይቅር በለን፣ ቁረጠን" አሉት። አልነበርንም ያሉት ሴቶችም መጥተው የእህቱን ጉልበት ሳሙ። ፀጉር ቆራጩ እስኪመሽ ቆረጠ፤ አንድም እርከን አልሠራም።

እንግዲህ ስጀምር ምያለሁ፤ ምላሴም ከአሁኑ ደረቅ ደረቅ ብሎኛል። ስለዚህ ልንገራችሁ፤ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። ሰልፉን። ማንም አልመጣም። በሰፈሩ አፍ ባልየው ደጁ ሁለት ሰው የበላበት፣ ሚስትየው ደግሞ ያስገደለቻቸው ሆነው ቀሩ። ያን ቀን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ድፍኑ ብቻ ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት ሌላ ፀጉር ቤት ተቆርጦ ስለነበር የሚቆረጥ ነገር ባይኖረውም፣ "ቁረጠኝ" አለው።